በስም ልክ ጨው

ተረት ተረት!

የመሠረት።

ከመንዝ ጓሳ ጠርዝ፣ መሬቱ ድንገት ተቆርጦ ወደ አፋር ቆላ ከሚወርድበት አፋፍ ላይ አንዲት ትንሽ የአራዊት መንደር ነበረች። ሚዳቋ፣ ጥንቸል፣ ሽኮኮ፣ ቆቅና ጥቂት የጭላዳ ቤተሰቦች ይኖሩባታል። በበጋ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በክረምት ጉሙ ከእግር ሥር ያለውን ገደል ይሸፍናል። እዚያ አገር ያልተማረ ልጅ ብዙ አይቆይም፤ ስለዚህ መንደሯ ትምህርት ቤት ነበራት።

ትምህርቱ አራት ነው። የመጀመሪያው የገደል አካሄድ ነው። ሁለተኛው ድምፅ መለየት ነው፤ ለነብር የሚጮኸው ሌላ፣ ለንስር የሚጮኸው ሌላ ነውና። ሦስተኛው በበጋ ሥር ቆፍሮ መብላት፣ አራተኛው ደመና አይቶ በረዶ መጠርጠር። ይህ ሁሉ ስምንት ዓመት ይፈጃል። በስምንተኛው ዓመት ማብቂያ ተማሪው የገደሉን ወገብ በምትዞረው ጠባብ መንገድ ብቻውን ሄዶ ብቻውን ይመለሳል። ፈተናው ይኸው ነው።

መምህሯ እትዬ ሰስ ነበረች። ሰስ በሰኮናዋ ጫፍ የምትቆም፣ መዳፍ በምታህል ድንጋይ ላይ አራት እግሯን ሰብስባ የምታሳርፍ ናት፤ ገደል ለማስተማር ከእሷ የተሻለ አልነበረም። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ ጋሼ ጃርት ነው። ከገላው እሾህ እየነቀለ ብዕር ስለሚያደርግ በመንደሩ የሚጽፈው እሱ ብቻ ነበር። የሚጽፍ ሰው በሌለበት የጻፈ ሁሉ እውነተኛ ነው፤ ነገሩ ወደፊት ይመጣል።

የደጋው ሁሉ ሹም ጆፌ አሞራ ነበር። ጆፌ ከሰማይ ሲያንዣብብ አንድ ቀን ወደ ትምህርት ቤቱ ቁልቁል ቢያይ ዘጠኝ ልጅ ብቻ ተቀምጧል። የቀሩት እረኛ ሆነዋል፣ ታናናሾቻቸውን አዝለዋል፣ ወይም እንዲሁ ፀሐይ ይሞቃሉ። ጆፌም አዘነ። በእውነት ነው ያዘነው፤ ይህን ልንነፍገው አይገባም። ስለዚህም አወጀ፦ “በየትምህርት ቤቱ ለተመዘገበ ልጅ ሁሉ በየመንፈቁ አንድ ጉማጅ አሞሌ ይሰጣል። እኩሌታው ለትምህርት ቤቱ፣ እኩሌታው ለወላጅ።”

ጨው በደጋ ብርቅ ነው። አሞሌ ከአፋር በግመልና በአጋሰስ ወደ ደጋ እየወጣ ለብዙ ዘመን ገንዘብ ሆኖ የኖረው በከንቱ አልነበረም። አዋጁ በተሰማ በሳምንቱ እማማ ጥንቸል ስምንት ልጆቿን አሰልፋ መጣች። ሚዳቋዋ መንታዎቿን አመጣች። ከእናቱ ጀርባ ወርዶ የማያውቅ ጭላዳ ሳይቀር ፊት መደዳ ላይ ተቀመጠ። ዘጠኝ የነበረው 41 ሆነ። እትዬ ሰስ ድምፅዋ እስኪዘጋ አስተማረች፤ ከእነዚያ ልጆች ብዙዎቹ ዛሬም በሕይወት ያሉት ያኔ ስለተማሩ ነው። ጨዉ መልካም ነበር።

ከዚያ ሁለት ዓመት ተከታትሎ ዝናብ ቀረ። ሚዳቋዋ መንታዎቿን ይዛ ውሃ ወዳለበት ቆላ ወረደች። ቆቆችም ተከተሉ። አቅም ያላቸው ሦስት የጭላዳ ቤተሰቦች ደግሞ ልጆቻቸውን ከማዶ ሸንተረር ቀይ ቀበሮ ወደከፈተችው የግል ትምህርት ቤት አዛወሩ። የቀበሮዋ ክፍያ ከባድ አልነበረም፤ የጭላዳው መንጋ ሣር ሲግጥ በመካከሉ እየተዘዋወረች አይጥ ታድናለች፣ በቃ። ግን መንጋ የሌለው ያን መክፈል አይችልም። ሽኮኮ ምን መንጋ አለው?

41 የነበረው 31 ሆነ። የጆፌ ሌላው ደንብ ደግሞ ከ40 ልጅ በታች ያለው ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከጎረቤቱ ጋር ይዋሃዳል ይል ነበር። ጎረቤት የተባለው ከሸለቆው ማዶ ነው፤ በሸለቆው ውስጥ ነብር ያድራል።

ጋሼ ጃርት ያን ሌሊት አልተኛም። መዝገቡን ዘረጋ፣ ከጎኑ አንድ እሾህ ነቀለ፣ ብዙ አሰበ። ልጆቹ ጧትና ማታ በነብር ደጅ ሲመላለሱ ታየው። ከዚያም ቆላ የወረዱትን የሚዳቋ መንታዎች ስም እንዳሉ አድርጎ ጻፈ። ከዚያ ቆቆቹን። ከዚያ ወደ ማዶ የሄዱትን ጭላዶች። ሲነጋ 41 ሞላ። ትምህርት ቤቱም ተረፈ። ያቺ ሌሊት የውሸት ሌሊት ብቻ ነበረች ማለት አይቻልም፤ ርኅራኄም ነበረባት፤ ክፋቱም ይኸው ነው፤ በርኅራኄ የገባ ውሸት ማንም ውጣ አይለውም።

በዓመቱ ሱፐርቫይዘሯ እመት ጦጣ መጣች። እመት ጦጣ የምትቆጥረው በገመድ ነው፤ አንድ ልጅ አንድ ቋጠሮ። ገመዷን ከወገቧ ፈትታ፣

“አምና 41 ነበራችሁ። ዘንድሮስ?” አለች።

“ያው 41” አለ ጋሼ ጃርት።

“ያውማ አይሆንም፤ ዕድገት የታለ?”

“ልጅ የለም እኮ፣ እመት ጦጣ። መንደሯን ታውቂያታለሽ።”

“የእኔ ገመድ ወደፊት ይቋጠራል እንጂ ወደ ኋላ ሲፈታ አይቼ አላውቅም። ለጌታዬ ጆፌ ቆሟል ብዬ ልንገረው? አንተስ፣ ጋሼ፣ እንጀራህ ላይ ምን አስቆመህ?”

ጃርት ሌላ እሾህ ነቀለ። በዚያ ዓመት የሞቱት ልጆች ሞት መዝገቡ ዘንድ አልደረሰም። በሚቀጥለው ዓመት እማማ ጥንቸል እርጉዝ ስለነበረች ያረገዘቻቸው ስድስቱ በስም ገቡ፤ ሁለቱ ሲወለዱ ስማቸው ከመዝገቡ ጋር አልገጠመም፣ አራቱ ጨርሶ አልተወለዱም። 41 ወደ 64፣ 64 ወደ 96፣ 96 ወደ 112 አደገ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው፤ ግን በየመንፈቁ ጨዉ ይመጣል፣ ወላጅ እኩሌታውን ይልሳል፣ አጥሩ ይታደሳል፣ እመት ጦጣ ትመሰገናለች። የከፋው ማን አለ?

ጆፌ ራሱ ለጉብኝት የሚመጣበት ሳምንት ሲደርስ ግን ጭንቅ ነው። የዚያን ጊዜ ሦስቱ የአፋፉ ትምህርት ቤቶች ተማከሩ። ሰኞ የእኛ ልጆች እናንተ ዘንድ ይቀመጡ፣ ረቡዕ የእናንተ እኛ ዘንድ፣ ዓርብ የሁላችንም ከማዶ። ጆፌ ከላይ ሲያይ በሦስቱም ቀን ሜዳው ሞልቷል። ጭንቅላት ይቆጥራል፤ ፊት ለመለየት ግን ከፍታው አይፈቅድለትም።

የእማማ ጥንቸል የመጨረሻ ልጅ ጩጬ በዚያ ሳምንት እግሩ አብጦ ቤቱ ገባ።

“ምን ሆነህ ነው?” አለችው እናቱ።

“ሦስት ትምህርት ቤት ተማሪ ሆኜ ነው።”

“ጎበዝ! ምን ተማርክ?”

“መንገዱን” አለ ጩጬ።

ስለ ትምህርቱ ብትጠይቁኝ ደግሞ፣ እሱም በቁጥር ያማረ ነበር። ወሬ አመላላሹ ቁራ መሐል ሜዳ ከተማ ወርዶ ከትምህርት ቤት ግቢ ፍርፋሪ ስለሚለቅም የሰዎችን ነገር ሁሉ ያውቃል። አንድ ቀን፣ “ሰዎቹ ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ልጅ አይጥሉም፤ ሁሉም በነጻ ያልፋል” ብሎ ነገራቸው። መንደሩ በጣም ወደደው። ከሦስተኛ ክፍል አልፎም እስከ ስምንተኛ አደረሱት።

እትዬ ሰስ ብቻ ጠየቀች፦ “ቁራ፣ ሙሉውን ነው የነገርከን?”

ቁራም አንገቱን ደፍቶ፣ “እ... ልጁ በየጊዜው ይመዘን፣ ያልገባው ይደገምለት የሚልም አለበት። ተከታታይ ምዘና ይሉታል። እሱ ግን ረዥም ስለሆነ ሰዎቹም ብዙ ቦታ ትተውታል” አለ።

ቀላሉ ግማሽ ተወሰደ፣ ከባዱ ግማሽ ቁራ አፍ ውስጥ ቀረ።

የስምንተኛው ዓመት ፈተናም እንዲሁ ነበር። የሚሰጠው በዚያው በመንደሩ ገደል ላይ ነው፤ የሚጠብቁት አጎቶችና አክስቶች ናቸው። ተፈታኞቹ አንዱ የሌላውን ጭራ ይይዛል። ከፊት አንድ የሚያውቅ ካለ ሰልፉ ሁሉ ይሻገራል። ጭራ የሌለው ሽኮኮ እንኳ የጎረቤቱን ጆሮ ነክሶ ያልፋል። ውጤቱ በየዓመቱ መቶ በመቶ ነበር። ጭራ ያልያዘ ልጅ ካለ፣ “ጓደኛ የለውም እንዴ?” ተብሎ ይታዘንለታል።

ነገሩን የገለበጠው እንደገና የቁራ ወሬ ነው፤ አሁን ግን ያወራው ለጆፌ ነበር። “ሰዎቹ በ2008 ዓ.ም. ግንቦት የ12ኛ ክፍል ፈተናቸው ሾልኮ ወጥቶ በመጀመሪያው ቀን ሰረዙት። ኩረጃው አላቆም ሲላቸው በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ተፈታኞቹን ከየሰፈራቸው አውጥተው ዩኒቨርሲቲ አስገብተው ፈተኗቸው” አለው።

ጆፌ ነገሩን ወደደው። የደጋው ልጆች ሁሉ ሁለት ቀን መንገድ ተጉዘው በማያውቁት ገደል፣ በማያውቋቸው ጠባቂዎች ፊት፣ በየተራ፣ ጭራ ሳይያዝ እንዲፈተኑ አዘዘ።

ከአፋፉ ትምህርት ቤት በመዝገብ 19 የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ለጉዞው የመጡት ስድስት ናቸው። አሥራ ሦስቱ ለጉዞ የሚሆን እግር አልነበራቸውም፤ ስም ብቻ ናቸውና። ከስድስቱ አንዱ መንገዷን እንዳየ ተቀመጠ። ሁለቱ ግማሽ ሄደው ወደፊትም ወደ ኋላም አቅቷቸው ሲያለቅሱ ጠባቂዎቹ በገመድ ሳቧቸው። አንደኛዋ የንስር ጩኸት ስትሰማ አለት ሥር መግባት ሲገባት ወደ ሜዳ ሮጠች፤ ያ የሚደረገው ለነብር ነው። የቀሩት ሁለቱ አንዱ የሌላውን ጭራ ሲይዝ ተገኝተው ተባረሩ። ያለፈ የለም።

መንደሩ አለቱ ሥር ተሰበሰበ። እናንተ ታውቁታላችሁ፣ እንዲህ ያለ ስብሰባ ማን እንደሚጀምረው። አባት ጭላዳ ተነሣ፣ ቀዩን ደረቱን ነፍቶ፣ “ጥፋቱ የመምህሯ ነው፤ ስምንት ዓመት ምን ስትሠራ ነበር?” አለ። እትዬ ሰስ ዝም አለች። ሽኮኮ፣ “ጥፋቱ የርዕሰ መምህሩ ነው” አለ። ጃርት፣ “ጥፋቱ የወላጅ ነው፤ ልጁን ለጨው እንጂ ለትምህርት ማን ላከ?” አለ። እመት ጦጣ ከዛፍ ላይ ሆና፣ “እኔ የሰጣችሁኝን ነው የቋጠርኩት” አለች። ከሁሉ በኋላ ጥፋቱ በፈተናው ገደል ላይ አረፈ፤ ገደል አይመልስምና።

ይኼኔ ቁራ ጉሮሮውን ጠረገ።

“ብዙ አትዘኑ፤ ሰዎቹም እንደናንተው ናቸው” አለ። “ዩኒቨርሲቲ ገብተው በተፈተኑበት በዚያ የመጀመሪያ ዓመት ከ8 መቶ 90 ሺህ በላይ ተፈታኝ ነበር። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ናቸው፤ 3.3 በመቶ። አንድም ልጅ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,161 ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ 3.2 በመቶ አለፈ፤ አንድም ያላሳለፉት ወደ 1,328 ከፍ አሉ። ያስገቡት ልጅ አንሶ እንዳይመስላችሁ። በ1987 ዓ.ም. አንደኛ ደረጃ የነበራቸው ተማሪ 3 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ ከ20 ዓመት በኋላ ከ18 ሚሊዮን አልፏል። በሩን ከፍተዋል፤ ይህ የሚናቅ ሥራ አይደለም። ግን ገባ ማለትና ቻለ ማለት...”

የመጨረሻዋን ቃል ማንም አልሰማትም። ጉባኤው “ሰዎቹም እንደናንተው ናቸው” ላይ ቀርቶ ነበር። ፊቶች ፈኩ። አባት ጭላዳ፣ “አያችሁ! ሰው ያን ሁሉ ሕንጻ ይዞ ያቃተውን እኛ በአንድ አለት ምን እናድርግ?” አለ። አንዳንዱ ሊነሣ ጭራውን አራገፈ። የሌላው ውድቀት ለእነሱ ማስተዛዘኛ ሆነላቸው፤ 1,328 ትምህርት ቤት ምን እንደሆነ፣ በእያንዳንዱ ውስጥ ስንት ጩጬ እንዳለ ማንም አላሰበም።

እትዬ ሰስ ያን ጊዜ ነው የተነሣችው። ከአለቱ ስንጥቅ ውስጥ ጠፍጣፋ ድንጋዮች አወጣች። ቁጥራቸው 23 ነው። በእያንዳንዱ ላይ በሰኮናዋ የጫረችው ምልክት አለ።

“ይኼ የእኔ መዝገብ ነው” አለች። “ስም የለበትም። ይህቺ ሽኮኮ ሦስተኛው እርከን ድረስ ትሄዳለች፣ ከዚያ ጉልበቷ ይንቀጠቀጣል። ይህ የነብሩን ድምፅ ያውቃል፣ የንስሩን ግን ገና ነው። ይህ አምስተኛ ክፍል ነው፤ የአንደኛውን ሥር መቆፈር አይችልም። የጩጬ ድንጋይ ይኸው፤ ደመና ከእኔ በላይ ያነባል፣ ገደል ግን እርከን አንድ ላይ ነው። ያሉን ልጆች 23 ናቸው። 112 አስተምሪ ስትሉኝ ሃያ ሦስቱን ሳላያቸው አለፉ።”

“ለምን እስከ ዛሬ አልተናገርሽም?” አላት ሽኮኮ።

“ተናግሬ ነበር። ጨው የመጣ ቀን ስለነበር አልሰማችሁም።”

ከዚያም ወደ ጓሳው ሜዳ ዞር ብላ እንዲህ አለች፦ “የዚህ አገር ሰዎች ይህን ሣር ለዘመናት የጠበቁት በምን ነበር? በቄሮ ሥርዓታቸው ለሦስት፣ ለአምስት ዓመት ይዘጉት ነበር፤ ለክዳን የሚሆነውን ጓሳ ማንም አያጭድም፣ ከብትም አይገባም ነበር። የሚከፈተው ግን ዓመት ስለሞላ አልነበረም። አለቃው ሄዶ ሣሩን አይቶ፣ ደርሷል ሲል ነበር። ዓመቱን እየቆጠሩ ቢያጭዱ ኖሮ ዛሬ እኔም እናንተም የምንቆምበት ሣር አይኖርም ነበር። እኛ ልጆቻችንን ስምንት ዓመት ቆጥረን ደርሰዋል አልን። ሄዶ ያየ ግን የለም።”

ጸጥታ ሆነ። ጋሼ ጃርት መዝገቡን ይዞ ወደ መሐል ገባና ማንበብ ጀመረ። ስም ያነባል፣ ከስሙ ቀጥሎ ጨዉን የወሰደው ማን እንደሆነ ያነባል። “የሚዳቋ መንታዎች፤ የሉም፤ ጨዉን ትምህርት ቤቱ ለአጥር። ያልተወለዱ ጥንቸሎች አራት፤ እኩሌታው ለእማማ ጥንቸል። ወደ ማዶ የሄዱ ጭላዶች፤ እኩሌታው ለአባት ጭላዳ...”

“ልጄ ማዶ እየተማረ ከዚህ ጨው ወስጃለሁ እንዴ?” አለ አባት ጭላዳ፣ ደረቱ ከወትሮው ይልቅ ቀላ።

“ወስደሃል፣ ወንድሜ። በየመንፈቁ። የፈረምኩልህ እኔ ነኝ” አለ ጃርት። “የመጀመሪያውን ስም የጻፍኩት ልጆቻችን ነብር ደጅ እንዳይመላለሱ ብዬ ነው። ሁለተኛውን የጻፍኩት እመት ጦጣ ዕድገት ስላለችኝ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ለምን እንደጻፍኩ አላውቅም፤ እጄ ለምዶት ነው። ከዚህ ጨው ያልላሰ ካለ መጀመሪያ እሱ ይውቀሰኝ።”

ወቃሽ አልተገኘም። እማማ ጥንቸል ግን ተነሣች። “እኔ የአሥራ አራት ልጅ ጨው እወስዳለሁ። ጓዳዬ ያሉት ሦስት ናቸው። ሦስቱም አይችሉም። ሃያ ሦስት ብላችሁ ላኩ፤ እኔ ጨው አልፈልግም።”

“ከተዘጋስ?” አለ ሽኮኮ። ይህ ጥያቄ ቀላል አልነበረም፤ ሌሊቱን ሙሉ ተከራከሩበት። የሚፈሩት ትክክል ነበሩ፤ ነብሩ ተረት አይደለም። ገሚሱ ተቆጥቶ ሄደ። ሲነጋ የቀሩት 23 ቋጠሮ ያለበት ገመድ ለጃርት ሰጡትና ወደ ጆፌ ላኩት።

ጆፌ ገመዱን አይቶ ክንፉን አርገፈገፈ። “ከላይ ሳያችሁ እኮ ብዙ ነበራችሁ!”

“ጌታዬ፣ ሰኞ ከእኛ ጋር ያዩዋቸው ዓርብ ከማዶ ያዩዋቸው ናቸው።”

ጆፌ ለረዥም ጊዜ ዝም አለ። ደንቡ ትምህርት ቤቱ ይዘጋ ይላል። ግን ቢዘጋ ምክንያት መጻፍ አለበት፤ ምክንያቱ ከተጻፈ ደግሞ እሱ ራሱ ለበላዩ የላከው 112 ሐሰት ሊሆን ነው። አሰበና እንዲህ ፈረደ፦ በጆፌ መዝገብ 112 ይቆያል፤ ትምህርት ቤቱም አይዘጋም፤ ጨው ግን ለ23 ብቻ ይላካል። የቀረው 89 ጉማጅ አሞሌ የት እንደገባ ተረቱ አይነግረንም። የአፋፉ ትምህርት ቤት የዳነው በእውነቱ ብቻ እንዳልሆነ ግን ይነግረናል፤ የበላዩ ውሸትም አግዞታል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው፤ ሥራ ደግሞ ለተረት አይመችም። እትዬ ሰስ ልጆቹን በክፍል መደልደል ትታ በሚችሉት ደለደለቻቸው። አምስተኛ ክፍል የነበረው ከአንደኛዎቹ ጋር ሥር ቆፈረ፤ መጀመሪያ አፈረ፣ ከዚያ ቻለ፣ ከዚያ ማፈሩን ረሳ። ጩጬ ለትልልቆቹ ደመና አስተማረ፣ እነሱ እርከን አስያዙት። ጃርት ከመዝገብ ነጻ ስለወጣ በእሾሁ የድምፅ ምልክቶችን አለት ላይ ጻፈ። አጥሩ ሲወድቅ ጨው ስለሌለ ወላጆች በፈረቃ ድንጋይ ተሸከሙ። ወላጅ ለድንጋይ ሲመጣ ልጁ ምን እንደማይችል በዓይኑ ያያል፤ ይህን ማንም አላቀደውም፣ ግን ከሁሉ የበለጠ የሠራው እሱ ነበር። የጎረቤት ትምህርት ቤቶች ሚስጥራችንን አወጣችሁ ብለው አኮረፏቸው። ከሦስቱ የጭላዳ ቤተሰቦች ሁለቱ ልጆቻቸውን መለሱ። አባት ጭላዳ አልመለሰም፤ ጨዉን ግን መለሰ።

በሦስተኛው ዓመት ልጆቹ 26 ሆኑ። አምስቱ ወደ ሩቁ ገደል ሄዱ። ሦስቱ ተሻግረው ተመለሱ። ሁለቱ ወደቁ፤ ከሁለቱ አንዱ ጩጬ ነበር፤ ግን መንገዷን እስከ እኩሌታ ሄዶ፣ ደመናውን አይቶ፣ በረዶ እንደሚመጣ ለጠባቂዎቹ ነግሮ ነው የተመለሰው። በረዶውም መጣ። ሌላ ዓመት ይፈተናል።

ቁራም ከመሐል ሜዳ ወሬ ይዞ መጣ፦ “ሰዎቹም ጥቂት ተሻሽለዋል። በ2016 ዓ.ም. ያለፈው 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆኗል።” በዚህ ጊዜ “እንደናንተው ናቸው” ያለ የለም። እትዬ ሰስ፣ “የቀሩት ልጆችስ የት ሄዱ?” ብላ ጠየቀችው። ቁራ እንደዚያ ያለ ወሬ ተጠይቆ ስለማያውቅ መልስ አጣ።

የሦስቱ ማለፍ ጆፌ ዘንድ ሲደርስ ጆፌ እጅግ ተደሰተ። ወዲያውም ለደጋው ትምህርት ቤቶች ሁሉ አዋጅ ላከ፦ “ከእንግዲህ ጨው በተመዘገበ ልጅ ልክ አይሰጥም፤ በአፋፉ አርአያነት ከአምስት ሦስት ላሳለፈ ይሰጣል።”

በዓመቱ የቀሩት የደጋው ትምህርት ቤቶች በሙሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ ከአምስት ሦስት አሳለፍን ብለው ጻፉ።

እመት ጦጣም አዲስ ገመድ ይዛ አፋፉ ላይ ደረሰች።

“ዘንድሮ ስንት አስፈተናችሁ?”

“ስድስት” አለች እትዬ ሰስ።

“ስንት አለፉ?”

“ሦስት። ጩጬም አለፈ።”

እመት ጦጣ በጣቷ አሰላች፣ ደግማ አሰላች፣ ግንባሯን ቋጠረች። “ከአምስት ሦስት ከሆነ ከስድስት ሦስት ተኩል ገደማ መሆን አለበት። ሦስት ቋጠሮ አነሰ፣ አራት ደግሞ በዛ። ሦስት ልጅ ከነግማሹ ብዬ ልቋጥር?”

“ቋጥሪ” አለቻት እትዬ ሰስ፣ “ግማሹን ልጅ ግን ነገ ጧት ይዘሽልኝ ነይ፤ የሚችለውንና የማይችለውን አይቼ ከየትኛው እርከን እንደምጀምረው ልወቅ።”

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።